ይሉኝታ የተጫነለት ፊልም

ኮሌጁ ሌሊቱን በነፋስ ተገፍቶ ማዶ ስለተሻገረ፣ ትርንጎ ጧት ሥራ ልትገባ ስትደርስ የጠበቃት ውሃ ብቻ ነበር። አልደነገጠችም። አባያ ተንሳፋፊ ኮሌጅ ክረምት በገባ ቁጥር መልሕቁን እየጎተተ ሐይቁን መዞር ልማዱ ነው፤ መምህራኑም «እኛ እኮ ተቀጥረንም በየጧቱ ሥራ ፍለጋ እንወጣለን» እያሉ ይቀልዳሉ። የውሃ ባጃጅ አስቆመች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተሳፈረች፣ ጉማሬዎቹ የሚተኙበትን ዳር በሩቁ ዞረው ኮሌጁን ሸምበቆ ውስጥ ተሸጉጦ አገኙት።

ሌላ ቀን ቢሆን መዘግየቷ ግድ አይሰጣትም ነበር። ዛሬ ግን ገምጋሚ ይመጣል።

ገምጋሚው የሚላከው ከፈጣን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ይህ ጽሕፈት ቤት ከትምህርት ላይ መማርን ቀንሶ ውጤቱን ብቻ ለማስቀረት የተቋቋመ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜ ኩራቱ «የመቻቻል ጠብታ» ይባላል። በእያንዳንዱ ዐይን አንድ ጊዜ ጠብ ይደረጋል፤ ተማሪው ጥቂት እንባ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ ያየው ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ጠብታውን ቀድሞ በሞከረው ኮሌጅ ተማሪዎች በር ሲገፉ በሩን ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው ሲጨርሱ የኮሪደሩን ምሰሶ ያቅፋሉ ተብሎ ይወራል። የሚከራከር የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ጽሕፈት ቤቱ ይህን እንደ ስኬት ቆጥሮታል።

ትርንጎ የምታስተምረው ኮርስ «ብዝኅነት በፊልም» ነው። ዛሬ ተማሪዎቿ ገምጋሚው ፊት እንደ ወትሮው ካንቀላፉ አዳራሿ ይዘጋና አልጋ ተደርድሮበት የጠብታ ክፍል ይሆናል። ነገሩ ለእሷ የደሞዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከትንሽ ከተማ ወጥታ ኮሌጅ የገባች ጊዜ፣ ከሰፈሯ ውጪ ያለ ሰው ሁሉ ወይ የሚያስፈራ ወይ የሚያሳዝን ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ቋንቋዋን ከማታውቀው ልጅ ጎን ተቀምጣ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰውዬ ቤቱን ገልብጦ ጫማውን ሲፈልግ አየች። ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ሁለቱም እኩል በሳቅ ፈነዱ። ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷም አየቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ልጅ ያነበበችው ሁሉ የዚያች ሳቅ ማብራሪያ ነው ብላ ታምናለች። ያንን በጠብታ የሚሰጣት ሰው ቢገኝ ዐይኗን ልትከፍትለት ዝግጁ ናት፤ እስካሁን ግን አልተገኘም።

ችግሩ ፊልሙ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ለኮርሱ የፈቀደው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ «ባለ ብዙ ቀለሙ ሜዳ» ይባላል። በዚህ ሜዳ ላይ ሕዝብ ሁሉ ይጨፍራል። ሸማኔው ይጨፍራል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጥሎ ይጨፍራል፤ ዳኛዋ ፍርድ ሰጥታ ትጨፍራለች። ጥርሱን የሚያመው የለም፤ ኪራይ የተጨመረበት የለም፤ ከአማቱ የተኳረፈ የለም። ሕዝቦች የሚለያዩት በልብሳቸውና ትከሻቸውን በሚሰብቁበት መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም በየተራ ካሳዩ በኋላ አንድ ላይ ፈገግ ይላሉ።

እርግጥ ፊልሙ እንደ ድሮዎቹ ተቀርጾ ያለቀ አልነበረም። ሕያው ፊልም ነው፤ ማለትም ተዋናይ የለውም፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች በተጫነላቸው ጠባይ መሠረት በታየ ቁጥር እንደ አዲስ ይኖሩታል። የሚታየውም ጉም ሸራ ላይ ነው። ከሐይቁ የተሳበ ውሃ በወለሉ ቀዳዳዎች እንደ ጭጋግ እየተነፋ የአዳራሹን ፊት ይሞላል፤ ሰዎቹ እዚያ ውስጥ በቁመታቸው ልክ ይንቀሳቀሳሉ። ግድግዳው ላይ የተተከሉ ትንንሽ ዐይኖች ደግሞ የተማሪዎቹን ፊት እያነበቡ ለፊልሙ ይነግሩታል። ተማሪ ሲያዛጋ ፊልሙ ከበሮ ይጨምራል። ተማሪዎቹ ስለሚያዛጉ ከበሮው አያባራም፤ ከበሮው ስለማያባራ ተማሪዎቹ ጆሯቸውን በሻሽ ጠቅልለው ይተኛሉ።

ባለፈው ሳምንት ትርንጎ የአዳራሹን ቴክኒሻን ማልዴን አማከረችው። ፊልሙን መቀየር ክልክል ነው። የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ ማስተካከል ግን አልተከለከለም፤ መመሪያውን ያወጡት ክፍሎች እነዚያ ጨፋሪዎች ጠባይ ይኖራቸዋል ብለው ጭራሽ አላሰቡም። ማልዴ ምን ልጨምርላቸው ሲል ጠየቀ። ቁጣ እንዳይሆን፣ ገምጋሚ ፊት ያስፈራል። ፍቅር እንዳይሆን፣ የክፍለ ጊዜው ሰዓት አይበቃውም። ትርንጎ ከንፈሯን እየነከሰች ብዙ አሰበች።

«ይሉኝታ ጫንላቸው» አለችው በመጨረሻ። «እኛን የሚመስሉት ያኔ ነው።»

ይሉኝታ ለሕያው ፊልም ጠባይ በሚቀዳበት ቋት ውስጥ አልነበረም። ቋቱን የሠሩት የሩቅ አገር ሰዎች ዕቃው መኖሩንም አያውቁም። ስለዚህ ማልዴ ከራሱ አጎት ላይ ቀዳው። ይህ አጎት አንድ ጊዜ ከጀልባ ላይ ወድቆ፣ ዳር ላይ የነበሩት ሰዎች ምሳ እየበሉ ስለሆነ አልረብሻቸውም ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ እየዋኘ የወጣ ሰው ነው። ከውሃው ሲወጣም «ብሉ፣ ብሉ፣ እኔ ለማለፍ ነው» ብሏቸዋል።

«በዛ አድርገህ ነው የጫንክባቸው?» ትርንጎ ዛሬ ጧት እንደገባች ጠየቀችው።

«ኧረ ትንሽ ናት» አለ ማልዴ። «የአጎቴን ግማሽ።»

ሁለቱም ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ይሉኝታ ያለው ሰው፣ አንድ የሚያየው ሌላ ሰው መኖሩን ማወቅ አለበት።

ትምህርቱ ሲጀመር ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር። ጉሙ ተነሣ፤ ሜዳው ታየ፤ ጭፈራው ቀለጠ። ከፊት ወንበር ዘሀራ፣ በክርክር የምትታወቀው የሐረር ልጅ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ አንገቷን ደፋች። ከጎኗ ኦኬሎ፣ ከጋምቤላ የመጣው ረጅሙ ልጅ፣ እግሩን የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ። የቀሩትም በጨለማው ውስጥ በየረድፋቸው ጭብጥ ብለው ዝም አሉ። ትርንጎ ከግድግዳው ተጠግታ በሩን በሩን ታያለች።

በሩ ተከፈተና አቶ አጥናፉ ገቡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ኮሌጁን ፍለጋ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ስለዞሩ ማዕበሉ ሆዳቸውን ገልብጦታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ የጀልባው ሰውዬ ክንዳቸውን ደግፏል። ተማሪዎቹ፣ በእንቅልፍም ቢሆን አስተዳደግ አይረሳምና፣ ከወገባቸው ብድግ ብድግ እያሉ በለሆሳስ «ኖር» አሉ። አቶ አጥናፉ መመለስ አልቻሉም። አፋቸውን ቢከፍቱ የሚወጣው ቃል ላይሆን ይችላል። በእጃቸው ብቻ አመልክተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ከበሮው ቆመ።

ሜዳው ላይ የነበሩት በሙሉ እንደ ቆሙ ወደ ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከበሮ መቺው ቦርሳሞ፣ ጺሙ የተከረከመ ሙሉ ሰው፣ ዐይኑን አጥብቦ ጨለማውን መረመረ። በየረድፉ ተደርድረው የተቀመጡ ዝምተኛ ሰዎች አሉ። ግማሾቹ ራሳቸውን ጠቅልለዋል፤ ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጥቁር የለበሱ አዛውንት ተደግፈው ሲገቡ ሁሉም ተነሥቶላቸዋል፤ እሳቸውም መልስ መስጠት አቅቷቸዋል።

ዳኛዋ ለተስላሴ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ቦርሳሞ» አለች በሹክሹክታ፣ «ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ነው ስንጨፍር የከረምነው።»

የሆነውን ትርንጎ ለረጅም ጊዜ ስታወራው ትኖራለች። ከበሮው በአፉ ተደፋ። ለተስላሴ ጌጧን አውልቃ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሸማኔው ከአናቱ ላይ ላባውን ነቅሎ የት እንደሚጥለው ጠፋውና የዓሣ አጥማጁ መረብ ውስጥ ከተተው። ከላይ የመቆጣጠሪያው መስኮት ውስጥ ማልዴ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ይታያል።

አቶ አጥናፉ ሆዳቸው መለስ ብሎላቸው ነበርና ፊልሙ ቆመ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ትርንጎ አፏ እንዳመጣላት፣ አይ፣ ዛሬ ለስለስ ያለው ክፍል ነው አለቻቸው።

ቦርሳሞ እስከ ጉሙ ጠርዝ ድረስ መጣ። እጁን ወደኋላ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እግዜር ያጥናዎት ጌታዬ አለ። ይቅርታ ለመነ። ባለማወቅ ነው አለ፤ ከበሮ የጨመርንባችሁ ዝም ስትሉ ደስ ያላላችሁ መስሎን ነው፣ ሐዘን መሆኑን ማን ነገረን አለ። ከኋላው ያሉት በየራሳቸው ቋንቋ አጉረመረሙ።

ዘሀራ ሻሿን ከቅንድቧ ላይ ገፋች። እንቅልፏ ጠፍቷል።

«ኧረ ማንም አልሞተም አባባ» አለች። «እየተማርን ነው።»

«ምን?»

«እናንተን።»

ቦርሳሞ ራሱን ከላይ እስከ ታች አየ። «እኛ ደግሞ ምን ሆንን?»

«የተለያያችሁ ናችሁ ተብለን» አለ ኦኬሎ፣ ለመርዳት ብሎ።

«ከማን?»

ኦኬሎ አፉን ከፈተ። ዘሀራን አየ። ቀጥሎ ጎኑ ያለውን፣ ቀጥሎ ራሱን አየ። አፉን መልሶ ዘጋ። ከመሀል አንዱ ሳቀና ሳቁ እንደ እሳት በየረድፉ ተያያዘ፤ በዚያ አዳራሽ በዚያ ሴሚስተር የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ጉሙ ውስጥ ያሉትም ሳቁ፤ ለምን እንደሆነ ባይገባቸውም እንግዳ ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያስቆማቸው ጠፋ። ለተስላሴ መቼም ጭፈራ ወድዳ እንደማታውቅ ተናገረች፤ የምትወደው ቁጥር ነው፤ ጉልበቷም ያማታል። ሸማኔው ከዓሣ አጥማጁ ጋር በወሰን ተጣልቶ ሳለ በየቀኑ ፈገግ በልለት መባሉ ጨጓራውን እንደላጠው ገለጸ። ዓሣ አጥማጁም ፈገግታህን የፈለገው ማን ነው አለው። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ቀረቡ። ክርክሩ ደግሞ ለቅሶ ላይ ተመለሰ፤ ለካ ሁሉም ሐዘንተኛ ጋ ሲሄድ የሚያደርገው ሌላ ነው። አንዱ እኛ ዘንድ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው አለ። ሌላው ዝም ካልክማ ለምን መጣህ አለው። ዘሀራ እሷ ሰፈር የሟቹን አስቂኝ ነገር እያነሡ እንደሚያጫውቱ ስትናገር፣ ኦኬሎ የእሱ አያት ለቅሶ ላይ የተሳቀው ሳቅ እስከ ጎረቤት ቀበሌ ተሰምቷል ብሎ ማለ። የሚያዛጋ ተማሪ ብቻ አልነበረም የጠፋው፤ ማዛጋት ራሱ ጠፍቶ ነበር።

ትርንጎ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኋላ አየች። አቶ አጥናፉ በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ ፈገግታ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠብታ የወሰደ ሰው ፈገግታ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች። ያ ፈገግታ ለሳቁም ለክርክሩም አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

አቶ አጥናፉ ተነሡ። የሚሉት ግልጽ ነበር፤ ፊልሙ ተበላሽቷል፣ ከተፈቀደው ይዘት አንድም አልታየም፣ ስለዚህ አዳራሹ ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። ልክ «ስለዚህ» ሲሉ ለተስላሴ አቋረጠቻቸው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ግን አልነገሩንም። ማን ነው?»

አቶ አጥናፉ ማንም እንዳልሞተባቸው በትሕትና መለሱ። ዳኛዋ ግን ብዙ ሰው ሲክድ የሰማች ዳኛ ናት። አላመነቻቸውም። መሬት ላይ ተቀመጠች። ቦርሳሞም ተቀመጠ። ሸማኔውና ዓሣ አጥማጁ፣ በመሀላቸው ወሰን ትተው፣ ተቀመጡ። ማንም ዳግም አልጠየቀም፤ ማንም አልቸኮለም። አቶ አጥናፉ ንግግራቸውን ከ«ስለዚህ» ሊቀጥሉ ሞከሩ። አንድ መንደር ሰው በእሳቸው ምክንያት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ መናገር ቀላል አይደለም።

«እህቴ ናት» አሉ።

ትርንጎ የሰማችውን ተጠራጠረች። እሳቸው ራሳቸው የተጠራጠሩ መሰሉ።

ቀስ እያሉ ተናገሩ። አየለች ትባላለች። የሞተችው መጋቢት ላይ ነው። ጽሕፈት ቤታቸው የመጽናኛ ጠብታ የሚባልም አለው፤ ጧት ቀብረው፣ ከሰዓት በኋላ ወስደውት፣ በማግሥቱ ሥራ ገቡ። ለማንም አልነገሩም። መንገር አላስፈለገም፤ ምንም አላመማቸውምና። ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም፤ የሚደረስበት ለቅሶ ስላልነበረ።

«ጠብታው ጥሩ ይሠራል» አሉ። «ብቻ እሷም አብራ ትደበዝዝብኛለች።»

ዝም ማለት የሚያውቁበት ዝም አሉ። ከዚያ ዘሀራ፣ በሰፈሯ ደንብ፣ «ጋሼ፣ ቀልደኛ ነበረች?» ስትል ጠየቀች።

አቶ አጥናፉ ልጅ ሳሉ አየለች የአባታቸውን ድምፅ አስመስላ ትምህርት ቤት ትደውል ነበር አሉ፤ ልጄን አሁኑኑ ልቀቁልኝ ትልና አስወጥታቸው ወንዝ ወስዳ ዋና ታስተምራቸዋለች። ርእሰ መምህሩ ነቁባት። አንድ ቀን እውነተኛው አባታቸው ለእውነተኛ ጉዳይ ደወሉ።

«ርእሰ መምህሩም» አሉ አቶ አጥናፉ፣ «‹አየለች፣ ዛሬስ አልተሳካልሽም፤ ድምፅሽ ቀጥኗል› አሏቸው አባታችንን።»

አዳራሹ ተናወጠ። ኮሌጁ ራሱ ከሸምበቆው ተላቆ የተንሳፈፈ መሰለ። ቦርሳሞ ሲስቅ ጉሙ እየተረጨ የፊት ረድፉን አረጠበው። አቶ አጥናፉም ሳቁ፤ እኩል የነበረው ፈገግታቸው በአንድ ጎኑ ተሰበረ፣ ሳቁ ወደ እንባ ተሻገረ፣ እንባው መልሶ ወደ ሳቅ መጣ። ኦኬሎ ከወንበሩ ተነሥቶ ምንም ሳይናገር እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘሀራ በግራቸው ሆና ደግሞ ሌላ ንገሩን አለች። ሌላ ነገሩ። አየለች ብዙ ሥራ የሠራች ሴት ነበረች።

የክፍለ ጊዜው ደወል መደወሉን የሰማ የለም። ማልዴ ከመቆጣጠሪያው ወርዶ ሲመጣ ነው ትርንጎ ወደ ጉዳይዋ የተመለሰችው። አቶ አጥናፉ በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠርገው ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ ገምጋሚነታቸውም አብሮ ተመለሰ።

ፊልሙ ብልሽት እንዳለበት ተናገሩ። ትርንጎ አዎ አለች። ይጠገናል ወይ ብለው ማልዴን ጠየቁት። ማልዴ አንገቱን ደፍቶ፣ በአንድ ቁልፍ አለ፤ ይሉኝታውን ካጠፋሁት አሁኑኑ ወደ ጭፈራቸው ይመለሳሉ።

«እንዳትነካው» አሉ አቶ አጥናፉ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«የእህቴ ለቅሶ ዛሬ ነው የተጀመረው። ሠልስቷ ከነገ ወዲያ ይወጣል። ከዚያ አርባ አለ። ከዚያ ሰማንያ።»

ትርንጎ ፈራ ተባ እያለች፣ ከዚያስ አለች።

«ሙት ዓመት።» አሉ መሐረባቸውን እያጣጠፉ። «ለቅሶ የተቀመጡበትን ቤት አሽጎ የሄደ ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም። እኔም የመጀመሪያው አልሆንም።»

ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ባልሮጠችው አሯሯጥ ኮሪደሩን ልትሮጥበት አሰበች። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ተወችው። ማልዴን ብቻ ክንዱን አጥብቃ ቆነጠጠችው፤ እሱም ምስጋናው ለአጎቱ ነው የሚገባው አለ።

መውጣት ግን ሌላ ሥራ ሆነ። ተማሪዎቹ ቀድመው መነሣት ሐዘንተኛ ጥሎ መሄድ መሰላቸው። ጉሙ ውስጥ ያሉት ደግሞ እንግዳ ሳይሸኙ መጥፋት አልሆነላቸውም። በሩ ላይ ዘሀራ ኦኬሎን ቅደም ትለዋለች፤ እሱ አንቺ ቅደሚ ይላታል፤ ከኋላቸው ያሉት ደግሞ አቶ አጥናፉ ይቅደሙ ብለው በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ፤ አቶ አጥናፉ ዞረው ለተስላሴን በድጋሚ ይሰናበታሉ። ማልዴ ውሃውን ቀስ አድርጎ ቀነሰ። ሜዳው ከእግር ጀምሮ መሳሳት ያዘ።

ለተስላሴ በግማሽ እንደቀረች፣ በሩ ላይ የተጨናነቁትን እያየች ወደ ቦርሳሞ ጠጋ አለች።

«እነዚህ ግን ምን ዓይነት ሕዝብ ናቸው?»

ቦርሳሞ ጺሙን እያሻሸ ረዘም ላለ ጊዜ አያቸው።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ገና አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው ያወቅነው።»